የጎጃም መንገድ ከአዲሱ ገበያ እስከ ጎንደር፦ መስመሩ፣ ታሪኩና አባይ በረሃ

ጠጠር_አስፋልት (ክሩን የከፈተ)

በዋና መንገዶች ዝርዝር ቁጥር 3 የተሰጠው የጎጃም መንገድ በየክሩ በቁርጥራጭ ይነሳል። አንዱ ስለ ህዳሴ ድልድይ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ ደጀን አቀበት፣ ሌላው በሞጣ ይሻላል ወይስ በማርቆስ ይላል። አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው የከፈትኩት፤ የጎደለውን ሙሉበት።

መንገዱ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ የእንጦጦን ትከሻ ይሻገርና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ጫንጮ 40 ኪ.ሜ. ግድም ላይ ነች፤ የደርባ ሲሚንቶ መኪኖች እዚህ ስለሚቀላቀሉ ከጫንጮ እስከ አዲስ አበባ ያለው ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ ጭነት ይሸከማል። ከዚያ ዱበር፣ ሙከ ጡሪ (ወደ ዓለም ከተማ የሚገነጠልባት)፣ ደብረ ጽጌ፤ ቀጥሎ የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ 4 ኪ.ሜ. ብቻ ነው። ፍቼ 112 ግድም፣ ገርባ ጉራቻ 156 ግድም፣ ቱሉ ሚልኪ፣ ጎሃ ጽዮን 185 ግድም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪ.ሜ. አባይ በረሃ ነው።

ከደጀን በኋላ ሜዳ ነው፦ የትኖራ፣ ሉማሜ፣ አምበር፣ ደብረ ማርቆስ (300 ግድም)፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ (ወደ ነቀምት የሚገነጠልባት)፣ ጥሊሊ፣ እንጅባራ (ወደ ቻግኒና ጉባ)፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ ወተት አባይ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። ባሕር ዳር በማርቆስ ሲመጡ 560 እና 570 መካከል ነው፤ ጎንደር ከዚያ 180 ይቀረዋል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ ውስጥ 40ዋ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትታመመው?

ሰባራ_ድልድይ

ወደ 40ዋ ከመግባታችን በፊት ከመኪና ዘመን ትንሽ ወደኋላ እንበል። ሸዋንና ጎጃምን የሚለየው አባይ ነውና ክረምት ከገባ መሻገር አይታሰብም ነበር፤ ሲራራ ነጋዴው ውሃው እስኪጎድል ጠብቆ በየመልካው ይሻገራል። ጥንታዊዎቹ የድንጋይ ድልድዮች ያሉት ላይኛው አባይ ላይ ነው፦ ጢስ አባይ አጠገብ ያለው አላታ ድልድይና ሞጣ አቅራቢያ ያለው ሰባራ ድልድይ፣ ሁለቱም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ደብረ ሊባኖስ ጋ «የፖርቱጋል ድልድይ» እየተባለ ቱሪስት የሚጎበኘው አባይ ላይ አይደለም፣ ፖርቱጋሎችም አልሠሩትም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው የሚባለው። አስጎብኚዎቹ ስሙን አሁንም አልለቀቁትም።

የመኪናው መሻገሪያ ቦታ በድሮ ካርታ «ሻፋርታክ» ተብሎ ይገኛል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ሰሜኑን በመንገድ ሲያያይዝ በጎጃም በኩል ሥራው እንደሌላው አልተሳካለትም፤ እነ በላይ ዘለቀ ገጠሩን ይዘውት ነበርና ጦሩ ከየምሽጉ ብዙ ርቆ መንቀሳቀስ አይችልም። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የደብረ ማርቆሱ የጣሊያን ጦር ያፈገፈገው በዚሁ መሻገሪያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ዛሬ አውቶቡስ የሚሄድበት መስመር ማለት ነው፣ በፍቼ በኩል።

ዶሴ

የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ እኔ ልጨምር። ከነጻነት በኋላ ጣሊያን ትቶት የሄደው መንገድ ጠጋኝ አጥቶ በየዓመቱ ይፈርስ ነበር። ኢትዮጵያ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በእኛ 1943 ዓ.ም.፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። ዛሬም ሽማግሌው ሁሉ «አውራ ጎዳና» የሚለው ለዚህ ነው፤ ስሙ መንገዶች ባለሥልጣን፣ ቀጥሎም መንገዶች አስተዳደር ቢባልም አፍ ላይ የቀረው የመጀመሪያው ነው።

አሮጌው የአባይ ድልድይ ግን ከባለሥልጣኑ ይቀድማል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራ የኮንክሪት ቅስት ነው፣ ርዝመቱ 200 ሜትር ግድም። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል። የተሠራው ለዚያን ጊዜ መኪና ነው፤ ተሳቢ የሚጎትት ባለ ስድስት አክስል (የጎማ ዘንግ) ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አዲሱ፣ ህዳሴ ድልድይ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካጂማ የተባለ ኩባንያ የሠራው ነው። የተመረቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ባለቀበት ዕለት። ርዝመቱ 303 ሜትር፣ መሃለኛው ዝርግ 145፣ ግራና ቀኙ 79፣ 79።

ጠጠር_አስፋልት

@ዶሴ የህዳሴው ድልድይ ገመዶች ለምን አጠሩ? በፎቶ የምናያቸው ባለ ገመድ ድልድዮች ምሰሷቸው ሰማይ ይነካል፤ ይሄ ግን አጭር ነው።

ካብና_ጋቢዮን

እሱን ለእኔ ተወው። የህዳሴው ድልድይ ሙሉ በሙሉ በገመድ የተንጠለጠለ አይደለም። ክብደቱን በዋናነት የሚሸከመው ራሱ የኮንክሪቱ ሳጥን ነው፤ ገመዶቹ ሳጥኑን ከውጭ ሆነው ይወጥሩታል፣ ያግዙታል። ስለዚህ ምሰሶው መርዘም አያስፈልገውም። ጥቅሙ ወንዙ መሃል እግር ሳትተክል ከሁለቱ ምሰሶዎች ወደ ግራና ቀኝ ቁራጭ በቁራጭ እየጨመርክ መሃል ላይ ትገናኛለህ። ከሥር መደገፊያ እንጨት ወይም ብረት ብታቆም የአባይ የነሐሴ ጎርፍ ይዞልህ ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ 40ዋ። አባይ በረሃ ስትወርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ የድንጋዩን ዕድሜ ወደታች እየቆጠርክ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት)፣ ከሥሩ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ የተነባበረበት፣ ወንዙ አጠገብ ቀዩ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ። ደጀን በኩል ስትወጣ ይኸው ተገልብጦ ይመጣል።

ድንጋዮቹ ራሳቸው ብዙ አያስቸግሩም። ችግሩ ከላይ ተንዶ ተዳፋቱ ላይ የተከመረው ልቅ አፈር ነው፤ ትልልቅ የባዛልት ቋጥኝ በሸክላ አፈር ተለውሶ። ይህ ክምር ሸክላማው ድንጋይ ላይ ተኝቷል። በጋ ላይ ደርቆ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ውሃው በቋጥኙ መሃል በቀላሉ ይሰርግና ሸክላው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ እዚያ መሬቱ ይላቁጣል፣ ከላይ ያለው ክምርም ይንሸራተታል። እንደ ናዳ ዱብ አይልም፣ በክረምት ወራት ቀስ እያለ ነው የሚሳበው። ስለዚህ ጥያቄህን ልመልስ፦ መንገዱ ብቻውን አይደለም የሚታመመው። መንገዱ የተኛበት ተራራ አብሮት እየሄደ ነው።

ባለ_ተሳቢ

እሺ መሬቱ ይሂድ። ታዲያ በየዓመቱ አስፋልት የሚያለብሱት ለምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም እንዴ?

ካብና_ጋቢዮን

@ባለ_ተሳቢ ወንድሜ፣ ነገሩን ነካኸው። የሰመጠውን ቦታ በአስፋልት መሙላት ሸርተቴውን ያባብሳል። አስላው፦ 30 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ስፋት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሌት 24 ሜትር ኩብ ነው፤ አስፋልት በሜትር ኩብ 2.4 ቶን ግድም ይመዝናል። 58 ቶን ገደማ የሸርተቴው ራስ ላይ ጫንክ ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ሌላ 58። ግን መኪና ማለፍ አለበት፣ መንገዱ ላይ እርከን እርከን ሆኖ መተው አይቻልም፤ ጠጋኙ ክፍል ሁለት መጥፎ ነገር መሃል ነው ያለው።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ከመንገዱ በላይ ያለውን የጎርፍ ቦይ በግንብ መለበጥ (የተሰነጠቀ ቦይ ከሌለ ቦይ ይብሳል፣ ውሃውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ያጠጣልና)። ቀጥሎ ቱቦዎቹን ከክረምት በፊት መጥረግ፤ ሰኔ ላይ ሳይሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይ። ከዚያ ከተዳፋቱ ሥር በአግድም ቀዳዳ እየበሱ የውስጡን ውሃ ማፍሰስ። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ካብ) መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከሸርተቴው እግር ሥር ተደግፎ እንጂ መሃል ላይ ሲደረደር አብሮ ይሄዳል። ጃፓኖች ድልድዩ ካለቀ በኋላ በጃይካ (የተራድኦ ድርጅታቸው) በኩል የመሬት ሸርተቴውን ብቻ የሚያጠና ፕሮጀክት ይዘው የተመለሱት ለዚህ ነው፤ የሠሩት አስፋልት ሲጣመም አይተው።

ለሾፌር የሚጠቅም ምልክት፦ አስፋልቱ ላይ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ስንጥቅ፣ በአንድ በኩል ደረጃ የሠራ አስፋልት፣ ወደ ገደል የዘመመ የጠርዝ ብረት፣ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ። አራቱ አንድ ቦታ ከተገናኙ ያ ቦታ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላም እዚያ ላይ አትቁም፣ ጎማ አትቀይር።

ዶሴ

ሸርተቴው ሁሉንም አይገልጽም። ሸርተቴ የሌለበት ቦታም ላይ እኮ አስፋልቱ እንደ ቦይ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ አብጦ ነው ያለው።

ካብና_ጋቢዮን

ልክ ነህ፣ እሱ የጭነት ነገር ነው። አስፋልት የሚሰላው በ8.16 ቶን መለኪያ አክስል ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ከአራተኛ ርቢ በላይ ነው የሚሄደው። 10 ቶን የጫነ አክስል የመለኪያውን ሁለት እጥፍ ተኩል ይጎዳል። 13 ቶን ከሆነ ስምንት እጥፍ። ማለትም 10 ቶኑ አክስል ላይ 3 ቶን ትርፍ በጫንክ ቁጥር መንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ እንዳለፍክ ቁጠረው።

በረሃው ላይ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። ወንዙ አጠገብ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ አስፋልቱ ራሱ ደግሞ ጥቁር ስለሆነ ከአየሩ እጅግ ይበልጣል፤ ሬንጁ ይለሰልሳል። ሽቅብ የሚወጣው ተሳቢ ደግሞ በሰዓት 10 ኪ.ሜ. ነው የሚሳበው፤ ሜዳ ላይ በ60 ከሚያልፈው ጋር ሲተያይ እያንዳንዱ ጎማ ለስላሳው ሬንጅ ላይ ስድስት እጥፍ ጊዜ ይቆማል። ጎድጓዳው ሁልጊዜ በሚወጣው መስመር የሚብሰው ለዚህ ነው። በሚወርደው መስመር ደግሞ ጎድጓዳ ሳይሆን ፍሬን የሚያዝበት መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ወደፊት ተገፍቶ ይሸበሸባል።

ታኮ

ፍሬን ካነሳችሁ አይቀር። በረሃው ላይ የሚገለበጠው መኪና አብዛኛው «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ፍሬን አልበጠሰም። ሙቀት ነው የበላው።

ቁጥሩን ተመልከቱ። ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ነው፣ ድልድዩ 1,100 አካባቢ። 1,400 ሜትር ቁልቁለት በ20 ኪ.ሜ.፣ በአማካይ ከ100 ሜትር 7 ሜትር። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ይህን ሲወርድ 550 ሚሊዮን ጁል፣ በመብራት ቆጣሪ ቋንቋ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የሆነ ነገር ላይ መጥፋት አለበት። በሰዓት 25 ቢወርድ 48 ደቂቃ ነው፤ በየሰከንዱ 190 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 190 ኪሎ ዋት። የጎማው ግጭትና ነፋሱ ጥቂቱን ይወስዳሉ። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይበላዋል ወይ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት)። ሞተሩ ውሃና ራዲያተር አለው፣ ታምቡሩ የለውም።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ተጭኖ ከሚያቆመው ሸራ ይርቃል። ሸራውም ሲግል መያዝ ይተዋል። ፔዳሉ ይረገጣል፣ ፍሬኑን የሚገፋው ንፋስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሾፌሩ ደጋግሞ ሲረግጥ ደግሞ ንፋሱ ያልቃል።

ስለዚህ ጎሃ ጽዮን ላይ ቁም። (ሻይ መጠጫውም እሱ ነው፣ ሰበብ አያስፈልግም።) የንፋስ ታንከሮቹን ውሃ አፍስስ። ሞተሩን አስነስተህ ጌጁ 7 ወይም 8 ባር እስኪደርስ ጠብቅ፤ ሞተሩን አጥፋ፣ ፍሬኑን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ያዝ፣ ጌጁ እየወረደ ከሆነ የሚተነፍስ ቦታ አለ። ረዳትህ ሥር ገብቶ የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ዘንግ ያይልህ፤ በተለመደው 30 ቁጥር የንፋስ ጣሳ (ዘንጉን የሚገፋው) ላይ ዘንጉ ሲረገጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ሸራው አልቋል ወይም አልተስተካከለም፣ አትውረድ። የተሳቢውን አትርሳ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያዝ። ያንን ዳገት ጭነህ የምትወጣበት ማርሽ የምትወርድበት ማርሽ ነው፤ ጥርጣሬ ካለህ አንድ ዝቅ በል። የሞተር ፍሬኑን ክፈት። ፍጥነቱን 25 ላይ ለመያዝ ከወሰንክ፣ 25 ሲደርስ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ወደ 17 አውርደውና ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እንደገና 25 ሲደርስ እንደገና። ቀለል አድርጎ ረግጦ ይዞ መውረድ ነው ገዳዩ፦ ፍሬኖቹ እኩል አይደሉምና ቀድሞ የሚነካው ጎማ ብቻውን ሁሉንም ይሸከማል፣ መጀመሪያ እሱ ይቃጠላል፣ ከዚያ ተራ በተራ ሌሎቹ።

ባለ_ተሳቢ

ሁሉም ጥሩ፣ ግን ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ቁልቁለት ላይ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የማይለቅ ስንት ሾፌር አለ? ደግሞ ታምቡሩ ሲግል ውሃ ማፍሰስ ድሮም የነበረ ነው።

ታኮ

በፎሌ ስትለቀው ያ 190 ኪሎ ዋት በሙሉ ታምቡሩ ላይ ነው። የነዳጁም ሂሳብ አይሠራም፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ማርሽ ላይ ሆነው እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሳ ነዳጅ ጨርሶ አይረጩም። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫሉ። ከዚህም በላይ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ማርሽ አይገባልህም፤ ያኔ ነው ረዳት በር ከፍቶ የሚዘለው።

ውሃውስ? የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ያኔ አይታይህም፣ በሚቀጥለው ጉዞ ነው የሚከፈለው። የግድ ከጋለ ሜዳ ቦታ ፈልገህ አቁም፣ በታኮ ያዝ፣ የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ ታምቡሩ እየቀዘቀዘ ሲጠብ ሸራውን አንቆ ሊጣመም ይችላል። ግማሽ ሰዓት ይንፈስበት። ድልድዩ አጠገብ ግን አይሆንም፤ ጥበቃ አለው፣ መቆምም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው።

ሜሪላንድ_ጎንደር

ሰላም ወገኖች፣ ጽሑፋችሁን እያነበብኩ ነው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር በመኪና መሄድ እንፈልጋለን፣ ከእናቴ ጋር። ቤተሰብ ያለው ቪትዝ ነው፣ አውቶማቲክ። በረሃውን ይችላል?

ታኮ

እህቴ፣ አስፋልት ነው፣ ይችላል። አራት ሰው ሙሉ ከነሻንጣው ካልጫናችሁበት። ስትወርዱ ማርሹ «ዲ» ላይ አይቆይ፤ «ኤል» ወይም «ኤስ» ወይም «2» የሚል ካለው እሱ ላይ ይግባ። ሞተሩ ይጮሃል፣ አይጎዳም። ትንሽ መኪና ላይ የፍሬን ዘይት ያረጀ ከሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ከመሄዳችሁ በፊት ይቀየር። ደጀንን ስትወጡ ሙቀቱ መለኪያው ላይ ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉና ማሞቂያውን ክፈቱ፤ ደስ አይልም ግን ሁለተኛ ራዲያተር ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትነኩት።

ጠጠር_አስፋልት

ለእናትሽ ስትይ በአንድ ቀን ጎንደር ለመግባት አትሞክሪ። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታችሁ ማርቆስ ምሳ፣ ባሕር ዳር አዳር። ማታ አትንዱ፤ ከብቱ፣ ጋሪው፣ መብራት የሌለው መኪና። ለጥምቀት ጎንደር አልጋ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ በተነሳችሁበት ጠዋት መናኸሪያ ጠይቁ፣ የባለፈው ሳምንት ወሬ አይሠራም።

ፎገራ

ከባሕር ዳር በላይ ያለውን ማንም አልነካውም። ባሕር ዳር መውጫ ላይ አዲሱ የአባይ ድልድይ አለ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት። ከዚያ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ማክሰኝት፣ አዘዞ፣ ጎንደር። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው በደብረ ታቦርና ጋሸና ወልድያ የሚደርሰው «የቻይና መንገድ» ነው፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት። አዘዞ ላይ ወደ ግራ መተማ።

የእኛ ሰፈር ችግር ከበረሃው ተቃራኒ ነው። ፎገራ ሜዳ ነው፣ ሩዝ የሚዘራበት፤ ጉማራና ርብ በክረምት ሜዳው ላይ ይፈስሳሉ። አፈሩ መረሬ ነው፣ ሲርስ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከአስፋልቱ መሃል ይልቅ ጠርዙ ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ ጠርዙ ነው የሚርሰውና የሚደርቀው። ስንጥቁ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ረጅም ሆኖ ይሄዳል። ትከሻውን በደንብ አስፍቶ ውሃ በማያሳልፍ ነገር መሸፈን ነው መላው፤ ከጠርዙ ሥር ሩዝ እስከተዘራ ድረስ ግን ውሃው እዚያው ነው።

ባለ_ተሳቢ

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባሕር ዳር ለማራገፍ በሞጣ ልሂድ በማርቆስ? ሞጣ 70፣ 80 ኪሎ ሜትር ያሳጥራል ይላሉ።

ጠጠር_አስፋልት

ያሳጥራል፣ ግን መገንጠያው ደጀን ስለሆነ በረሃውን አያስቀርልህም። ደጀን ላይ ወደ ቀኝ፣ ብቸና፣ ሞጣ። ለቀላል መኪና ሞጣ ይሻላል። ለተሳቢ ግን የማርቆሱ መስመር ላይ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም እንጅባራም ዳንግላም ጎሚስታና ጋራዥ አለ፤ በሞጣ በኩል ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ቢነድብህ ረጅም ጥበቃ ነው። በረሃውን ገና እንደወጣህ ደጀን ላይ የየጎማውን መሃል በእጅህ ጀርባ ጠጋ ብለህ ሞክረው። አንዱ ከሌሎቹ ለብቻው የጋለ ከሆነ በማርቆስ ሂድ።